ፍሪጅ ለግንባር ቀደሞች

«ያዙት! ኧረ ያዙት! ወደ ግራ አዘነበለ!»

ጋሪዋ ለሸንኮራ እንጂ ለፍሪጅ አልተሠራችም። ዝናቡ መንገዱን ጭቃ አድርጎት ስለነበር ከባቡር ጣቢያው እስከ ስኳር ፋብሪካችን ድረስ በሸንኮራው ሐዲድ ላይ ነው ያመጣነው፤ ወንዶቹ ከኋላ ይገፋሉ፣ እኔና ካንዴላሪያ ጋሪዋ ላይ ቆመን ግራና ቀኝ አቅፈን ይዘነዋል። ካንዴላሪያ ከእኔ ጋር መጋዘን ውስጥ የስኳር ጆንያ አፍ ትሰፋለች፤ አብዮቱ ሳይመጣም ትሰፋ ነበር፣ ከመጣም በኋላ ትሰፋለች። «እቴ፣ ባሌን እንኳ እንዲህ አቅፌው አላውቅም» ስትል ገፊዎቹ በሳቅ ጉልበታቸው ከዳቸውና ጋሪዋ ቆመች።

እኔ ግን አልሳቅሁም። ጉንጬን ነጩ ቆርቆሮ ላይ ለጥፌ በልቤ እየለመንኩት ነበር። ሰው ፍሪጅ ይለምናል? እኔ ለምኛለሁ።

ልጄ ዳማሪስ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። የስኳር በሽታ አለባት። እናቷ ቀኑን ሙሉ ስኳር ስታሽግ ውላ፣ ማታ ቤቷ ስትገባ ልጇን ስኳር እየገደላት ታገኛታለች። መድኃኒቷ ኢንሱሊን ነው፤ ኢንሱሊን ደግሞ ቅዝቃዜ ይፈልጋል። ድሮ ክሊኒኩ ፍሪጅ ውስጥ ነበር የማስቀምጥላት። እሱ ከተበላሸ ወዲህ መለዋወጫው ከሶቪየት ኅብረት በመርከብ እየመጣ ነው እንባላለን፤ መርከቡ በእግሩ ነው መሰለኝ የሚመጣው። እስከዚያው ብልቃጦቹን በፎጣ ጠቅልዬ የዝናብ ውኃ የምናጠራቅምበት ጋን ውስጥ በገመድ አንጠለጥላቸዋለሁ። እኛ አገር ሙቀቱ የሚብሰው በነሐሴ ነው፤ ባለፈው ነሐሴ ጋኑ ራሱ እንደ ሾርባ ሞቀ። መድኃኒቱ ኃይሉ ከዳው። አንድ ጠዋት ዳማሪስን ስቀሰቅሳት አልነቃ አለች። በሰው ትከሻ፣ በትራክተር፣ በባቡር አድርገን ካማጉዌይ ሆስፒታል አደረስናት፤ ነፍሷ ተመለሰች። ሐኪሙ ወደ ጥግ ወሰደኝና «እናት፣ በሚመጣው ነሐሴም መድኃኒቱ እንደዚያ ከሞቀ እኔ ተስፋ አልሰጥሽም» አለኝ። ፍሪጁ ሲመጣ ግንቦት ነበር።

ከፊታችን ጓድ ሴቬሪኖ ጃንጥላ ዘርግቶ ይሄዳል። የፋብሪካው የፓርቲ ጸሐፊ ነው። ሲመራ እንጂ ሲገፋ አይቼው አላውቅም። «ጓዶች፣ ቀስ! የሕዝብ ንብረት ነው!» ይላል በየመሐሉ። ሐዲዱ ለሁለት የሚከፈልበት ቦታ ስንደርስ ጋሪዋ ነጠረች፤ ፍሪጁ ከእቅፋችን አመለጠና በአንድ እግሩ ድንጋይ ላይ አረፈ። ቀጭ ሲል ሰማሁት። የልጄ አጥንት የተሰበረ ያህል ጮኽሁ። እግሩ ተገንጥሎ ጭቃው ውስጥ ገባ፤ ብንፈልገው ብንፈልገው አጣነው።

«ለዚህ ኃላፊነቱን ማን ይወስዳል?» አለ ሴቬሪኖ።

«ጭቃው» አለ ኦብዱሊዮ።

ኦብዱሊዮ ማሬሮ የቦይለር ክፍል ሠራተኛ ነው። ትከሻው በር ይሞላል፣ አፉ ግን ብዙ አያወራም። ዝቅ አለና ፍሪጁን ብቻውን አንስቶ ጋሪው ላይ መለሰው። በየዓመቱ ግንባር ቀደም ሠራተኛ እየተባለ የሚመረጠው እሱ ነው፤ ፎቶው የፋብሪካው በር ላይ በማሆጋኒ እንጨት ፍሬም ተሰቅሏል። ፍሪጁም ለማን እንደሚደርስ ያን ጊዜውኑ ሁላችንም እናውቅ ነበር። ደሜ የፈላው ለዚህ ነው።

እንዲህ ነው ነገሩ። ዕቃ እኛ ዘንድ በገንዘብ ብቻ አይገዛም። ፓርቲው ለፋብሪካው አንድ ፍሪጅ ይልካል፤ ሠራተኛው ይሰበሰባል፤ የሚወዳደሩት አንድ በአንድ ይቆማሉ፤ ጓደኞቻቸው ብቃታቸውንና ጉድለታቸውን ፊት ለፊት ይዘረዝሩላቸዋል፤ መጨረሻ ላይ እጅ ይወጣል። ብቃት ማለት ከሥራ አለመቅረት፣ ከኮታ በላይ ማምረት፣ እሑድ እሑድ በበጎ ፈቃድ ሸንኮራ መቁረጥ ነው። ጉድለት ማለት የቀረው ኑሮ ሁሉ ነው። የማነው ቤት ፍሪጅ የሚያስፈልገው የሚል ጥያቄ ግን የለም። ይህን ያወጣው ሰው አንድም ቀን ልጅ አላስታመመም።

ከስብሰባው በፊት ኦብዱሊዮን ከቦይለሩ ጀርባ አገኘሁት። ላቡን በሸሚዙ ይጠርጋል።

«ሰማህ፣ አንተ ላ ኩርቫ አይደል የምትኖረው?» አልኩት።

«አዎ።»

«ላ ኩርቫ መብራት ገብቷል እንዴ?»

«የት ይገባል! በኩራዝ ነን።»

«እኔ ቤት እንኳ መብራት አለ። አንተ ፍሪጁን ምን ልታደርግበት ነው? ሸሚዝህን ልትሰቅልበት?»

አቀረቀረ። «ስሜን አውጡ ብዬ ነበር። ሴቬሪኖ፣ ግንባር ቀደም ሠራተኛ የአብዮቱን ስጦታ እምቢ ካለ ለሌላው ምን አርአያ ይሆናል አለኝ።»

«ከወሰድከው በኋላ ለእኔ ስጠኝ።»

«ያንንም ጠየቅሁት፣ ዞራይዳ። ሽልማት ለሌላ ማስተላለፍ ንግድ ነው፣ ፍሪጁም ይወረሳል አለ።»

«ታዲያ ልጄ ትሙትልህ!» አልኩት። የኔን ችግር እሱ እንዳላመጣው አውቃለሁ። ግን ሰው ሲናደድ የሚደርስበትን ነው የሚመታው።

ስብሰባው ጆንያ መጋዘኑ ውስጥ ነበር። ፍሪጁን መድረክ ላይ አውጥተው፣ በጎደለው እግሩ ፋንታ ጡብ ደግፈው፣ ቀይ ጨርቅ ደርበውለት እንደ ሙሽራ አቁመውታል። የኦብዱሊዮንም ፎቶ ከበሩ ነቅለው ከጎኑ አስደግፈዋል። ከክፍለ ሀገር የመጣ አንድ ጓድ ባርኔጣውን እያራገበ ከፊት ተቀምጧል፤ ሰዓቱን ቶሎ ቶሎ ያያል፣ የአሥራ ሁለት ሰዓቷ ባቡር እንዳታመልጠው።

«እናት አገር ወይም ሞት!» አለ ሴቬሪኖ።

«እናሸንፋለን!» አልን ሁላችንም፤ በሙቀቱ ግማሻችን ተኝተናል።

መጀመሪያ ኦብዱሊዮ ተነሣ። ብቃቱ ተዘርዝሮ አያልቅም። ቀርቶ አያውቅም፣ እሑድ ዘሎ አያውቅም፣ ቦይለሩ ሲፈነዳ እጁን አቃጥሎ ሰው አትርፏል። እውነት ነው፤ አንዱንም አልክድም። ከዚያ ካንዴላሪያ እጇን አወጣች።

«ጓድ ሴቬሪኖ፣ ኦብዱሊዮን የሚጠላ የለም። ግን ሰውየው ቤት መብራት የለም እኮ! ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ይሆንበታል።»

መጋዘኑ በሳቅ ተናጋ። ሴቬሪኖ አልሳቀም።

«ላ ኩርቫ ኤሌክትሪክ በዕቅድ ተይዞለታል። ፍሪጁ ቀድሞ ይጠብቀዋል።»

«አይ እቴ! እስከዚያው ዶሮ ያሳድርበታላ!» አለች ካንዴላሪያ እየተቀመጠች።

ከዚያ የኔ ተራ ሆነ። ካንዴላሪያና የመጋዘኑ ሴቶች ስለ ልጄ ተናገሩ፤ እያለቀሱ የተናገሩም ነበሩ። ሴቬሪኖ ጨርሰው እስኪቀመጡ በትዕግሥት ጠበቀ። ክፉ ሰው ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ሴቬሪኖ ለራሱ አንድ ነገር ወስዶ አያውቅም፤ ሸሚዙ ሁለት ነው፣ እሱም ቤት ፍሪጅ የለም፣ ውኃውን እንደ እኛው ሞቅ ያለውን ይጠጣል። ለዚህ ነው አብልጦ ቆሽቴን የሚያሳርረው። ሌባን ሌባ ብለህ ትገላገላለህ፤ በራሱም በሰውም የሚጨክነውን ምን ትለዋለህ?

«ጓድ ዞራይዳ ፑፖ» አለ፣ «በሥራዋ ጎበዝ ናት። ነገር ግን ካለፈው ነሐሴ ጀምሮ ከእሑድ ሥራ ደጋግማ ቀርታለች። ዳቦ ሰልፍ ላይም፣ እኛ የምናመርተው ስኳር ሳይሆን ስብሰባ ነው ብላ ተናግራለች።»

«ብያለሁ! አሁንም እላለሁ!» አልኩ ብድግ ብዬ።

«ይህ ጉድለት ነው። የልጅሽ ነገር ሁላችንንም ያሳዝነናል። ግን ሕመም ብቃት አይደለም። በችግር ማከፋፈል ከጀመርን ሁሉም ችግሩን ይዞ ይመጣል። ማን ይሠራል ታዲያ? ሰውን ለሥራ የሚያነሣሣው ምንድነው?»

«ችግራችንንማ አሁንም ይዘን ነው የመጣነው፣ የት እንተወው!» አለች ካንዴላሪያ ከተቀመጠችበት።

እኔ እሳት ለብሼ እሳት ጎርሼ መድረኩ ሥር ደርሻለሁ። እግሬ መቼ እንደወሰደኝ አላውቅም።

«ሰውን ለሥራ የሚያነሣሣው ምንድነው ትለኛለህ? ልንገርህ! ማታ ቤቱ ሲገባ ልጁን በሕይወት ማግኘቱ ነው! እሑድ ቀረች ትላለህ፤ ልጄ እሑድ አልታመምም ብላ ለፓርቲው ቃል አልገባችም! ስኳራችሁን የሰፋሁበት እጅ ይኸው፤ በመርፌ ያልተወጋ ጣት ካለው ቁጠርልኝ። ባንዲራ ሰጣችሁኝ፣ ሰቀልኩ። ሜዳሊያ ሰጣችሁኝ፣ አንጠለጠልኩ። ልጄን በሜዳሊያ ላቀዝቅዛት? ብቃቷ ምንድነው ካልከኝ፣ አሥራ አንድ ዓመት መኖሯ ነው ብቃቷ!»

ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ የኔ ግን በንዴት ደርቆ አንድ ጠብታ አልወጣም። የክፍለ ሀገሩ ጓድ ባርኔጣውን ማራገብ አቆመ። ሴቬሪኖ ውኃ ጠጣና ቀስ ብሎ «ስሜትሽ ይገባናል። ደንቡ ግን ደንብ ነው» አለ።

ከእጅ ማውጣቱ በፊት የመጨረሻው ነገር ግለ ሂስ ነው፤ ተወዳዳሪው የራሱን ጉድለት በራሱ አፍ ይናገራል። ብዙ ጊዜ «አንዳንዴ ቁጡ ነኝ» ብለው ይቀመጣሉ። ኦብዱሊዮ ተነሣ። ባርኔጣውን በሁለት እጁ ጨምድዷል።

«እኔ ሰነፍ ነኝ» አለ።

ሰው ሁሉ ሳቀ።

«እውነቴን ነው። ሌሊት ተረኛ ሆኜ ተኝቻለሁ። የፋብሪካውን ሩም፣ የሸንኮራ አረቄውንም ሰርቄ ጠጥቻለሁ።»

ኦብዱሊዮ ሩም በአፉ እንደማይዞር ድመቶቹ ሳይቀሩ ያውቃሉ። ፍሪጁ ለእኔ እንዲቀር ራሱን ሊያስጥል እንደፈለገ ያን ጊዜ ገባኝ። ሴቬሪኖ ግን ፊቱ በራ።

«አያችሁ ጓዶች! ግለ ሂስ ማለት ይህ ነው! ይህን ያህል ትሑት፣ በራሱ ላይ ይህን ያህል ጨካኝ! ይህም ብቃት ሆኖ ይያዝለት።»

ወይ ነዶ! ሰውየው ራሱን ባዋረደ ቁጥር ከፍ ያደርጉታል። እንዲህ ያለውን መንግሥት በምን ትሸሸዋለህ? ኦብዱሊዮ ፎቶውን አየ፣ እኔን አየ፣ እንደገና ፎቶውን አየ።

«እሺ» አለ። «ያንን ፎቶ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።»

ማን አያውቀውም! ከሁለት ዓመት በፊት በትልቁ የስኳር ዘመቻ የተነሣ ነው። ያን ዓመት አገር በሙሉ ሥራውን ጥሎ ሸንኮራ ቆርጦ ነበር፤ የአገሪቱ ዕቅድ ሳይሞላ ቀረ፣ የኛ ፋብሪካ ግን ሚሊዮን ጆንያውን ሞላ ተብሎ ባንዲራ ተሸለመ። ኦብዱሊዮ ሚሊዮንኛውን ጆንያ በቀይ ሪባን ታስሮ በአንድ ትከሻው ተሸክሞ፣ ጥርሱ በሙሉ እየታየ፣ ጋዜጠኞቹ ፊት ይሮጣል።

«ሰው ከኩንታል በላይ ስኳር ተሸክሞ እንደዚያ ይስቃል?» አለ ኦብዱሊዮ። «ጆንያው ውስጥ የነበረው ገለባ ነው፤ የተጨመቀ የሸንኮራ ገለባ። ስኳሩ አልደረሰም ነበር። ጋዜጠኞቹ ግን ደርሰው ነበር።»

አንድም ሰው አልሳቀም። ካንዴላሪያ ብቻ «እኔ ያንን ጆንያ አልሰፋሁትም ብዬ የለ!» አለች፤ ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች።

«ገለባ?» አለ የክፍለ ሀገሩ ጓድ። የመጀመሪያ ቃሉ ነበረች። «ማነው ያዘዘህ?»

ሁላችንም ሴቬሪኖን አየን። ፊቱ አመድ መስሏል። የዚያን ቀን ሪባኑን በእጁ ያሰረው እሱ ነው፤ ሁላችንም አይተነዋል። ኦብዱሊዮ ግን ወደ እሱ ዞሮ አላየም።

«ትከሻው የኔ ነው» አለና ተቀመጠ።

ያዘዘው ሴቬሪኖ ነው ብዬ ተነሥቼ ልጮህ ነበር፤ ካንዴላሪያ ቀሚሴን ጨምድዳ ያዘችኝ። «ዝም አይነቅዝም፣ ልጄ። ፍሪጁን አስቢ» አለችኝ በጆሮዬ። አሰብኩና ዝም አልኩ። ያቺን ዝምታ እስከ ዛሬ እጠላታለሁ።

ከዚያ ሴቬሪኖ ምን አለ መሰላችሁ? «ፓርቲውን ያታለለ ሰው ግንባር ቀደም ሊሆን አይችልም» አለ! ኦብዱሊዮ ይሰረዝ ብሎ መጀመሪያ እጁን ያወጣውም እሱ ነበር። ያን እጁን ብሰብረው ደስ ይለኝ ነበር። ቀጥሎም ነገሩ እስኪጣራ የፍሪጁ ጉዳይ ለሌላ ጊዜ ይተላለፍ አለ።

«ለዞራይዳ!» አለ አንድ ድምፅ ከኋላ። የቦይለር ክፍሉ ወንዶች ናቸው። እጃቸውን አወጡ። ሴቶቹም አወጡ።

«ጓዶች፣ እጅ አውጡ አልተባለም» አለ ሴቬሪኖ።

እጆቹ አልወረዱም።

«ስብሰባው ተዘግቷል!»

ማንም ከቦታው አልተነሣም፣ እጅም አልወረደም። በዚያ ሙቀት ላቡ ከክንዳቸው በክርናቸው ይንጠባጠባል። የፋብሪካችን ሰው ከአብዮቱ ወዲህ ለባንዲራም፣ ለመፈክርም እጁን ያወጣ ነበር፤ ሳይታዘዝ ሲያወጣ ግን ያን ቀን ነው ያየሁት። ባቡሯ ከሩቅ ጮኸች። የክፍለ ሀገሩ ጓድ ሰዓቱን አየና ባርኔጣውን ደፋ።

«ስጧትና እንሂድ» አለ።

ነሐሴ መጣ፣ ነሐሴም አለፈ። ብልቃጦቹ ቀዝቃዛ እንደሆኑ፣ ልጄም ጠዋት ጠዋት ስትቀሰቀስ እየነቃች አለፈ። ፍሪጁ ግን በጎደለው እግሩ ምክንያት ሞተሩ በተነሣ ቁጥር ይንቀጠቀጣል። ጡቡ ወፈረበት፣ እንጨቱ ሳሳበት፤ ምን ብናደርግ አይስተካከልም። ብልቃጦቹ እርስ በርሳቸው ሲጋጩ ይሰማኝና እየባነንኩ እነሣለሁ።

ኦብዱሊዮን ከቦይለሩ አንሥተው ሸንኮራ መሐል አረም አራሚ አደረጉት። ሴቬሪኖ ደግሞ ማጭበርበሩን አጋለጠ ተብሎ በንቁነቱ ተመሰገነ። ሲመሰገን እኔም ቆሜ ሰምቻለሁ። ማጨብጨብ ነበረብን፤ እጄን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ።

በመስከረም ሴቬሪኖ ቤቴ ድረስ መጣ። ለመቀመጥ እምቢ አለ።

«ጓድ ዞራይዳ፣ አንድ የሚስተካከል ነገር አለ። ፍሪጅ የሚሰጠው ለግንባር ቀደም ሠራተኛ ነው። አንቺ አይደለሽም። ስለዚህ ኮሚቴው ከግንቦት ጀምሮ ግንባር ቀደም ነበርሽ ብሎ ወስኗል።»

«እሑዶቹስ?»

«ሠርተሻል ተብሏል።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። በሳልስቱ ወደ ሥራ ስገባ ፎቶዬን በር ላይ አየሁት፤ በዚያው ሚስማር፣ በዚያው የማሆጋኒ ፍሬም። የኦብዱሊዮ ሚስማር ነው። የሰውየውን ኑሮ መውሰዴ ሳያንስ፣ አሁን ደግሞ ፊቴን ፊቱ ላይ ለጥፈውብኛል። ከሥር «ለሁላችንም አርአያ» ይላል። ጠባቂው እያየኝ፣ ተረኞቹ ሁሉ እያዩኝ፣ ሳጥን ስቤ ወጣሁና ነቀልኩት።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አለ ጠባቂው።

«ፎቶዬ አይደለም እንዴ? ላሳየው የምፈልገው ሰው አለ» አልኩትና በብብቴ ይዤው ሄድኩ።

ቤት ገብቼ አንድ ጠርሙስ ውኃ ከፍሪጁ አወጣሁ። ኦብዱሊዮን ሸንኮራው መሐል አገኘሁት፤ መዳፉ ቆስሏል፣ ከስቷል። ከስብሰባው ወዲህ ሁለታችንም እየተሸሸግን ነበር፤ እኔ አፍሬ፣ እሱ እንዳላፍር ብሎ። ጠርሙሱን ሰጠሁት። ጠጣ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ አገጩን ያዘ።

«ኧረ ይሄ ጥርስ ያማል!» አለ።

«ቅዝቃዜ አታውቅምና ነው።»

«ልጅቷስ?»

«ትጮሃለች፣ ትሳደባለች፣ ትምህርት አልሄድም ትላለች።»

«ደህና ነች እንግዲህ» አለና እስከ ግማሽ ጠጣ። ከዚያ ፍሬሙን አየ። ፈታሁለት። ለካስ ሰነፎቹ የሱን ፎቶ ሳያወጡ ነው የኔን ከላይ የለጠፉት፤ ኦብዱሊዮ ገለባውን ተሸክሞ ከሥሬ እየሳቀ ነበር።

«ያንተ ነው፣ ውሰደው» አልኩት።

«ምን ያደርግልኛል?» አለ። አውራ ጣቱን የካርቶኑ ጠርዝ ላይ አሳረፈ፤ ለካስ ውፍረቱን እየለካ ነው። «ፍሪጁ አሁንም ይንቀጠቀጣል?»

«ያንቀጠቅጠዋል።»

«የኔን ሞክሪበት።»

ማታ ዳማሪስ በብረት ዘንግ ፍሪጁን ቀና አድርጋ ያዘችልኝ። መጀመሪያ የሱን ፎቶ አጥፌ በጎደለው እግር ፋንታ ካለው እንጨት ሥር ከተትኩ፤ ትንሽ ቀረው። የኔን ጨመርኩበት። ሞተሩ ተነሣ፣ ብልቃጦቹም ድምፅ አላሰሙም።